ድመታችሁ ውሃ ማብዛት ከጀመረች ኩላሊቷን ጠርጥሩ

ሰሞኑን ደጋግሜ ምሰማው ነገር አለ፣ «ድመታችን አርጅታ ነው መሰል ከሳች፣ ግን አብሽር ውሃማ በደንብ ትጠጣለች» ይሉኛል። ውሃ መጠጣቷን እንደ ደህና ምልክት አድርገው ነው ሚነግሩኝ። እኔ ደሞ እሱን ስሰማ ነው ጭራሽ ምሰጋው፣ ምክንያቱም ያረጀች ድመት እየከሳች ውሃ ካበዛች መጀመሪያ ሚጠረጠረው ኩላሊት ነው።

ድመት እኮ በተፈጥሮዋ ውሃ ወዳድ አይደለችም። ዘሯ የመጣው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምስራቅ የበረሃ ዱር ድመት ነው፣ አይጥ በልታ አይጧ ሰውነት ውስጥ ባለው እርጥበት መኖር ትችላለች፣ ኩላሊቷም ሽንቱን በጣም አወፍሮ ውሃውን መልሶ ለሰውነቷ ሚያስቀር ነው። እንደዚህ አይነት እንስሳ በስተርጅና ባልዲ አፍ ላይ ተሰቅላ ስትጠጣ፣ የቧንቧ ጠብታ ስትጠብቅ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ስትልስ ካያችኋት አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። መለካትም ይቻላል። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ለሷ ብቻ መድቡ፣ ጠዋት ሳህኗ ላይ ቀድታችሁ በማግስቱ በዛው ሰዓት ስንት እንደቀረ እዩ፣ ሌላውን ባልዲና ጀሪካን ክደኑ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች፣ ማለትም 4 ኪሎ ሆና ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከሄደች፣ በዛ ማለት ነው። እርጥብ ምግብ እየበላች ከሆነ እንደውም ከዛም ያነሰው ያጠራጥራል።

ለምን ይበዛል? ኩላሊት ውስጥ ደም ሚያጣሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ኔፍሮን ይባላሉ፣ በአንዱ የድመት ኩላሊት ብቻ ወደ 200 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። የሞተ ኔፍሮን አይተካም፣ የቀሩት ግን የሞቱትን ስራ ደርበው ይሰራሉ። ደቦ ጠርታችሁ ግማሹ ሰው ቢቀር የመጣው ሰው ወገቡን አስሮ ማሳውን አጭዶ ይጨርሰዋል፣ ባለማሳው ማታ ሲያየው ምንም የጎደለ አይመስለውም፣ የመጡት ግን እየደከሙ ነው፣ እነሱም አንድ በአንድ መቅረት ይጀምራሉ። ኩላሊቱም እንደዛ ነው ሚሄደው። ሁለት ሶስተኛው አካባቢ ሲሞት ሽንት ማወፈር ያቅተዋል፣ ሽንቷ ቀጭን፣ ብዙ፣ ሽታ የሌለው ይሆናል። ሶስት አራተኛው ገደማ ሲሞት ነው የደም ምርመራ ላይ ቆሻሻው ከፍ ብሎ ሚታየው። ለዚህ ነው «ባለፈው ወር ደህና ነበረች እኮ» ሚባለው፣ ደህና አልነበረችም፣ እየቻለችው ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ብዙ ስለጠጣች አይደለም ብዙ ምትሸናው፣ ብዙ ስለምትሸና ነው ምትጠጣው። ምንጣፍ ላይ ሸናች ብሎ ውሃ ሚደብቅ ሰው አለ፣ እሱ በቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ውሃ መቼም አይከለከልም።

ሌሎቹ ምልክቶች ቀስ ብለው ነው ሚመጡት፣ ፀጉሯ ይንጨባረራል፣ እራሷን መላስ ትተዋለች፣ አፏ መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ አረፋ ታስመልሳለች፣ ኩሷ እንደ ጠጠር ይደርቃል፣ ድዷ ይነጣል። ምግብ ጋ ሄዳ አሽትታ ከንፈሯን እየላሰች ምትመለስ ከሆነ ጠግባ አይደለም፣ እያቅለሸለሻት ነው።

ኩላሊት ብቻ ነው ብላችሁ ደሞ አትደምድሙ። ስኳር በሽታም ውሃ ያስጠጣል፣ የእንቅርት እጢ ስራ ሲበዛም ያረጁ ድመቶች እየበሉ ይከሳሉ፣ ያልመከነች ሴት ድመት ማህፀኗ መግል ሲይዝም ውሃ ታበዛለች፣ የኛ ሰፈር ድመቶች ደሞ አብዛኞቹ ያልመከኑ ናቸው። ወንድ ድመት ሆኖ ለመሽናት ቁጢጥ እያለ እያማጠ ምንም ጠብ ካላለው ግን ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቱቦው ተዘግቷል፣ በዛው ቀን ሀኪም ጋ ካልደረሰ ሊሞት ይችላል፣ «እስኪ ነገ እናያለን» ሚባልበት አይደለም።

እሺ የት ይመርመር? እኛ ጋ ደሴም ኮምቦልቻም የእንስሳት ክሊኒኮች በብዛት የለመዱት በሬ፣ በግ፣ የጋሪ ፈረስ ነው። ድመት በካርቶን ይዛችሁ ስትገቡ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ካርቶኑን ብቻ በደንብ ብሱትና እሰሩት፣ ሙጋድ ገበያ መሀል ካመለጠች አታገኟትም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ትምህርት ቤት አለው፣ ኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፣ ዋና ስራቸው የከብት ቢሆንም ድመት ሚያይ ባለሙያ ማን እንደሆነ እዛ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ደሙን መቅዳት ያለበት የእንስሳት ሀኪም ነው።

ደሟ ላይ ዋናው ሚለካው ክሬያቲኒን ነው፣ ኩላሊት ከደም አጣርቶ ማስወጣት ያለበት ቆሻሻ። የሰውም የድመትም ያው አንድ አይነት ነገር ስለሆነ በሰው ላቦራቶሪ ማሽን ሊለካ ይችላል፣ ከተስማሙላችሁ። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የታተመው ቁጥር ግን የሰው ነው፣ እሱን አትመልከቱ። ለሰው ከ1.2 ወይ 1.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ከፍተኛ ይባላል፣ ድመት ግን 1.5 ሆና ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። የእንስሳት ኩላሊት ሀኪሞች ሚጠቀሙበት አይሪስ ሚባል ዓለም አቀፍ አከፋፈል አለ፣ በሱ ከ1.6 በታች ደረጃ 1፣ ከ1.6 እስከ 2.8 ደረጃ 2፣ ከ2.9 እስከ 5.0 ደረጃ 3፣ ከ5.0 በላይ ደረጃ 4 ነው። ደረጃው ሚሰጠው ድርቀቷ ተስተካክሎ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለክቶ ነው፣ የደረቀች ድመት ቁጥሯ በውሸት ይሰቀላልና። በተቃራኒው ደሞ ክሬያቲኒን ሚመጣው ከጡንቻ ስለሆነ አጥንቷ የወጣ ድመት ቁጥሯ ዝቅ ብሎ ሊያታልል ይችላል። ኤስዲኤምኤ ሚባለው ምርመራ በጡንቻ ስለማይታለል ይሻላል፣ ግን እኛ ጋ ማግኘቱ ከባድ ነው። ስለዚህ የሽንት ውፍረት (ከንፁህ ውሃ ጋ ሲነፃፀር ያለው ክብደት) ይጨመርበት፣ ከ1.035 በታች ከሆነ ኩላሊቱ ማወፈር አቅቶታል ወደሚለው ይወስዳል። እሱም ሪፍራክቶሜትር በምትባል ትንሽ መነፅር መሳይ እቃ ነው ሚለካው፣ ሽንት ውስጥ ምትነከረዋ ባለቀለም ወረቀት ለድመት ውፍረት አትታመንም። ወረቀቷ ለስኳር ግን ትጠቅማለች። ደሟ ላይ ደሞ ዩሪያና ፎስፈረስ፣ ከተቻለ ፖታሺየምም አብሮ ይታዘዝ።

አይድንም ወይ? አይድንም። የሞተው ሞቷል። ግን በዚህ በሽታ መኖር ይቻላል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ደረጃ 2 ላይ የተገኙት ግማሾቹ 3 ዓመትና ከዛ በላይ፣ ደረጃ 3 ላይ የነበሩት ግማሾቹ 2 ዓመት አካባቢና ከዛ በላይ ኖረዋል፣ ደረጃ 4 ላይ ነው ወደ 3 ወር ሚወርደው። 11 ዓመት ለሞላት ድመት 3 ዓመት ቀላል አይደለም። ቀድሞ መያዙ ለዛ ነው ሚጠቅመው።

አሁን ወደ ምግቡ፣ ምክንያቱም ከየትኛውም መድሃኒት በላይ እድሜ ሚቀጥለው እሱ ነው። የታመመ ኩላሊት ፎስፈረስ ማስወጣት ያቅተዋል፣ ፎስፈረሱ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ደሞ የቀሩትን ኔፍሮኖች ይጨርሳል። ለዚህ ተብለው ሚዘጋጁ የኩላሊት ምግቦች አሉ፣ ሂልስ ኬዲ፣ ሮያል ካኒን ሬናል ምናምን፣ ፎስፈረሳቸው ዝቅ ያለ፣ ፕሮቲናቸው ትንሽ ግን ጥራት ያለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት 45 የኩላሊት ታማሚ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ እስከ 2 ዓመት ተከታትሎ ነበር፣ ተራ ምግብ ከበሉት 26 በመቶዎቹ ሰውነታቸው በቆሻሻ ተመርዞ ቀውስ ውስጥ ገብተዋል፣ የኩላሊት ምግብ ከበሉት ውስጥ ግን አንድም አልገባም። ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ሊያመጣላችሁ ሚችል ከሆነ ገንዘቡ ሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአንዴ ግን አትለምደውም፣ በትንሽ በትንሹ ከለመደችው ጋ እየቀላቀላችሁ ሳምንታት ስጡት። አልበላም ካለች «ሲርባት ትበላዋለች» አይሰራም፣ ድመት ሁለት ሶስት ቀን ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሌላ በሽታ ይመጣል። የኩላሊት ምግብ ካልበላች ሌላውን ትብላ፣ ዋናው መብላቷ ነው።

ካልተገኘስ? አብዛኞቻችን እዚህ ነን። መጀመሪያ ሚቆሙትን እንይ። ወጥ ይቁም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የኩላሊት ታማሚ ደሞ ድሮውንም ደሟ ያንሳል። ሽሮ በእንጀራ እየበላች ያደገች ድመት አለችኝ ሚል ሰው አይጠፋም፣ አውቃለሁ፣ ያደገችው ግን በሽሮው ሳይሆን ማታ ማታ በምትይዘው አይጥ ነው፣ አሁን አርጅታ አይጥ መያዝ ስታቆም ነው ጉድለቱ ሚታየው። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን ሚባል ነገር ከእህል አታገኝም፣ እሱ ሲጎድል አይኗም ልቧም ይጎዳል። ሁዳዴ ሲገባ ቤት ውስጥ ሥጋ ይጠፋና 55 ቀን ሙሉ እንጀራ ብቻ ሚቀርብላት ድመት አለች፣ ጾሙ የእናንተ ነው፣ ለሷ ትንሽ ሥጋ ለብቻ ይገዛላት። ረመዳን ላይም ቀን ሁሉ ሰው ስለሚተኛና ስለሚረሳ የውሃ ሳህኗ ደርቆ ይውላል፣ ስሁር ላይ ሙሉላት።

ከሥጋ ቤት ለድመት ተብሎ በነፃ ሚሰጠው ጉበትና ኩላሊት ፎስፈረሱ ከቀይ ሥጋ ይበልጣል፣ አጥንትም እንደዛው። ከሐይቅ ሚመጣውን አሳ ሥጋውን ለኛ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለድመት ማድረግ ልማድ ነው፣ ለኩላሊት ታማሚ ግን ተገላቢጦሽ ነው ሚያስፈልጋት። ወተትም ፎስፈረስ አለው፣ አብዛኛውን ትልቅ ድመት ደሞ ያስቀምጠዋል፣ ተቅማጥ ማለት ደሞ ውሃ መጥፋት ማለት ነው። ሚሻለው እንዲህ ነው፣ አጥንት የሌለው ሥጋ ወይ ዶሮ ከነስቡ፣ ጨው ሳይነካው፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከፎስፈረሱ የተወሰነው ከውሃው ጋ ይሄዳል። ስብ አትፍሩ፣ ለድመት ጮማ ጉልበት ነው፣ ፎስፈረሱም ትንሽ ነው። የእንቁላል ነጩ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፣ ጥሩ ፕሮቲን ሆኖ ፎስፈረሱ ምንም አይባልም፣ አስኳሉ ግን በተቃራኒው ነው፣ ስለዚህ ነጩን ቀቅላችሁ ቀላቅሉላት፣ አስኳሉን እናንተ ብሉት። ይሄ ግን ለወራት ብቻውን ሙሉ ምግብ አይደለም፣ ካልሲየምና ታውሪን ይጎድለዋል፣ ሀኪሙ ምን እንደሚጨመርበት ይንገራችሁ።

በምግብ ብቻ ፎስፈረሱ ካልወረደ ማሰሪያ መድሃኒት አለ፣ አንጀት ውስጥ ፎስፈረሱን ይዞ በኩስ ሚያስወጣ። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ አንዱ ነው፣ የሰው ፋርማሲ ውስጥ የጨጓራ ሽሮፕ ሆኖ ይሸጣል። ግን ሽሮፖቹ ብዙ ጊዜ ማግኒዢየም የተቀላቀለባቸው ናቸው፣ ማግኒዢየም ደሞ በታመመ ኩላሊት አይወጣም፣ ይጠራቀማል። ስለዚህ ጀርባውን አንብቡ፣ ማግኒዢየም ካለበት ተዉት። መጠኑን ሀኪሙ በኪሎዋ ያስላ፣ ምትሰጡትም ከምግቧ ጋ ነው፣ በባዶ ሆዷ ከሰጣችሁ ሚያስረው ፎስፈረስ ስለሌለ ዋጋ የለውም።

ውሃ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰፊ ሳህን ይሁን፣ ሁለት ሶስት ቦታ ይቀመጥ፣ ከምግቧና ከመፀዳጃዋ ራቅ ይበል፣ በየቀኑ ይቀየር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን ውስጥ የከረመውን አሽታ ልትተወው ትችላለች። ሽንኩርትም ጨውም ያልገባበት የዶሮ መረቅ ለብ አድርጎ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይቻላል፣ ፎስፈረስ ስላለው ግን በየቀኑ አይደለም፣ የምግቧን ፍርፋሪ በሙቅ ውሃ ማርጠብ ይሻላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ በበጋ ሙቀቱ ስለሚያደርቃት ይበልጥ ተጠንቀቁ።

በጠጣችው ብቻ ማትችል ስትሆን፣ ብዙውን ጊዜ ደረጃ 3 እና 4 ላይ፣ ቆዳ ስር ፈሳሽ ይሰጣል። እዚህ ጋ ነው ስህተት ሚመጣው። እኛ አገር ተንጠልጥሎ ሚሰጥ ነገር ሁሉ «ግሉኮስ» ነው ሚባለው፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ ግሉኮስ ስጡኝ ካላችሁ ስኳሩን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ስኳር ያለበት ፈሳሽ የድመት ቆዳ ስር አይገባም፣ ያቆስላል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። ሚፈለገው ሪንገር ላክቴት ነው፣ ወረቀት ላይ አስፅፋችሁ ሂዱ። ለአንድ መካከለኛ ድመት በአንዴ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው ሚሰጠው፣ በየቀኑም በየሁለት ሶስት ቀኑም ሊሆን ይችላል፣ ሀኪሙ ነው ሚወስነው። አሰጣጡን አንዴ አሳይተዋችሁ ቤት መስራት ይቻላል፣ ከትከሻዋ መሀል ቆዳውን ከፍ አድርጎ፣ ሁሌ አዲስ መርፌ። ከረጢቱን መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ የደሴ ጠዋት ላይ ከጦሳ ሚወርደው ብርድ ቤት ውስጥ ያለውን ከረጢት በረዶ ያደርገዋል፣ ቀዝቃዛ ሲገባባት ሁለተኛ አትጠጋችሁም። ከዛ በኋላ ትከሻዋ ላይ እንደ በሬ ሻኛ እብጠት ይወጣል፣ አንዳንዴ ወደ እግሯ ይወርዳል፣ አትደንግጡ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን አቁሙና ደውሉ፣ ልቧ አልቻለውም ይሆናል።

ግፊትም አለ። የድመት ኩላሊት ሲታመም የደም ግፊቷ ይሰቀላል፣ የላይኛው ቁጥር ከ160 ሲያልፍ ያሰጋል፣ ከ180 በላይ አይኗን፣ አንጎሏን፣ ልቧን ይጎዳል። አንድ ቀን ጠዋት የአይኗ ብሌን በሰፊው ተከፍቶ ግድግዳ እየመታች ከሄደች ከአይኗ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ መጋረጃ (ሬቲና) ከቦታው ተላቆ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ከተደረሰ አንዳንዴ ይመለሳል። መድሃኒቱ አምሎዲፒን ነው፣ ያው አባቶቻችንና እናቶቻችን ሚውጡት። ግን ባለ 5 ሚሊግራሙ አንድ ኪኒን ለአንድ ድመት ስምንት ቦታ ነው ሚከፈለው፣ የተለመደው መነሻ 0.625 ሚሊግራም ነው። የእማማን ኪኒን ግማሽ ሰጠኋት ያለ ሰው አራት እጥፍ ሰጥቷታል። አንገቷ ወደ ታች ከተንጠለጠለና ቀና ማድረግ ካቃታት ፖታሺየሟ ወርዶ ይሆናል፣ እሱም ይተካል። ማቅለሽለሹም መድሃኒት አለው፣ ጠይቁ።

ኪኒን ስትሰጡ ነክሳ ካደማቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ማትሰጧቸውን ልናገር። ፓራሲታሞል በፍፁም፣ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመት ይገድላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደሞ በቀጥታ ኩላሊቱን ነው ሚመቱት፣ ጄንታማይሲን መርፌም እንደዛው፣ ለሌላ በሽታ ሀኪም ጋ ስትሄዱ «ኩላሊቷ ታማሚ ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለበግ ሚሰጠውን ሊሰጧት ይችላሉና። ለሰርግና ለምርቃት በእቅፍ ሚመጣው ሊሊ አበባም መርዝ ነው፣ ብናኙን እንኳን ከፀጉሯ ላይ ብትልሰው ጤነኛ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ያቆማል።

ክትትሉ ላይ ዋናው ክብደት ነው። እኛ የራሳችንን አሮጊት ድመት ምንመዝናት ሰፈር ውስጥ ያለ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ነው፣ ዘምቢል ውስጥ ገብታ ጆሮዋ ብቻ እየታየ፣ ከዛ ባዶውን ዘምቢል መዝነን እንቀንሳለን። ባለሱቁ መጀመሪያ ይገላምጠን ነበር፣ አሁን እራሱ «ስንት ገባች» ብሎ ይጠይቃል። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ከቀነሰች አስረኛዋ ሄደ ማለት ነው፣ በአይን አይታይም ሚዛን ላይ ግን ይታያል። በየሁለት ሳምንቱ መዝኑና ደብተር ላይ ፃፉት፣ አጠገቡ የጠጣችውን ውሃ፣ ያስመለሰችበትን ቀን። ደረጃ 2 ላይ ሆና ከተረጋጋች ደሟ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይታይ፣ ከዛ በላይ ከሆነች ወይ መድሃኒት ከተቀየረ በሳምንታት ውስጥ። ሀኪሙ ጋ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ፣ ጠዋት የሸናችው ሽንት በንፁህ ብልቃጥ ከተገኘም አብሮ፣ አሸዋዋን አንስታችሁ ባዶ ሳፋ ብታስቀምጡላት ብዙ ጊዜ እዛው ትሸናለች።